ማኅተም የሌለበት ፎቶ

ወንድሜ ካሜራ የሚመርጠው በጆሮው ነበር።

ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄበታለሁ። አዳማ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ቤት አለ። አንድ ቀን ስንገባ ባለቤቱ ከመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ አሮጌ ካሜራ አውጥተው ሰጡት። ወንድሜ እንደ ሌላው ሰው ወደ ዓይኑ አላስጠጋውም። ወደ ጆሮው ወሰደው። ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፉን ተጫነ። እንደገና አጠንጥኖ ተጫነ። ባለፎቶ ቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ሬዲዮ መሰለህ እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ማሽን ሁሉ አንድ ነው። ሲታመም በድምፁ ይናገራል።»

«እና ይሄ ምን አለህ?»

«ደክሞኛል አለኝ።»

ሰውዬው ሳቁና ካሜራውን ወደ ሣጥኑ መለሱት። «እውነቱን ነው። አብረን ነው የደከመን» አሉ።

ወንድሜ የሚሠራው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ሸንኮራ የሚፈጭበት ክፍል ውስጥ ነበር። ሥራው ማሽኖቹን ግሪስ መቀባትና ዘይት ማጠጣት ነው። ማሽኑ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሊበላሽ ሲል በዓይን አይታይም ይለኛል። ስለዚህ የቆዩት ሠራተኞች አንድ ዘዴ አስተምረውታል። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ማሽኑ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ደህናው ኩሽኔታ እንደሚፈስ ውኃ ይሰማል፤ የታመመው አሸዋ እንደሚፈጭ ሰው ጥርስ። ወንድሜ ይህን ልማድ ቤትም ይዞት መጣ። የምናበስልበትን ላምባ ምድጃ ያዳምጣል። የበሩን ቁልፍ ያዳምጣል። እኔን ሳል ሲይዘኝ ጆሮውን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ትንሽ ይቆይና «ምንም አልሆንክም፣ ግሪስ ነው የጎደለህ» ይለኛል።

የምንኖረው አዳማ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እሱ ጠዋት በሠራተኞች ሰርቪስ ወደ ወንጂ ይሄዳል፤ እኔ ወደ ትምህርት ቤት። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ስሙን ጠርቼው አላውቅም፤ ጋሼ ነው የምለው። እናታችን ያለችው ሁሩታ ነው፣ በተወለድንበት ቤት።

ካሜራ ለምን እንደፈለገ ልናገር። አባታችን ሲሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በሕይወቱ አንድም ፎቶ አልተነሣም። ለቅሶው ላይ ሌሎች ሰዎች የሟቻቸውን ፎቶ በሚያቆሙበት ቦታ እኛ ጋቢውንና በትሩን አደረግን። ዛሬ የአባቴን ፊት ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ ጋቢው ነው። ፊቱ ጠፍቶብኛል። አንድ ቀን ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። ከሳምንት በኋላ ምሳ እየበላን ሳለ፣ እንዲያው ከመሬት ተነሥቶ «እማዬን ማንሣት አለብን» አለ።

እናቴን ወደ ፎቶ ቤት ለመውሰድ ሞክረን ነበር። አልሆነም። «ባዕድ ወንድ ፊት ተገትሬ ስመረመር አልውልም» አለች። ወንድሜ ደግሞ ያንን በፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሳለውን ሐይቅና አበባ አይወደውም። እሷን በግቢዋ ነው የሚፈልጋት፤ በጓሮዋ፣ በነጠላዋ፣ እንደምናውቃት። ለዚያ የራሳችን ካሜራ ያስፈልገናል። በየወሩ ከደመወዙ እየቀነሰ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጥ ጀመር። እኔ ደብተር ሲያልቅብኝ እንኳ ከዚያች ቆርቆሮ አልተነካም።

ከዓመት በላይ መረጥን። አዳማ ውስጥ ካሜራ እንደ ሽንኩርት ተደርድሮ አይሸጥም። ከድሬዳዋ በባቡር ዕቃ የምታመጣ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ከገበያው ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ጨርቅ፣ ሰዓት፣ አንዳንዴም ካሜራ ትሸጣለች። በሩን ስናንኳኳ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብለን ሰላም እንላታለን፤ እሷም ወንድሜን ባየች ቁጥር «ሐኪሙ መጣ! በሽተኞቹን ደብቁ!» ትላለች። እሷ ጋ አንዲት ትንሽ የጃፓን ካሜራ አየሁ። ቀላል ናት፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ ትገባለች፣ የራሷ መብራት አላት፤ ብልጭ ስትል ጨለማ ቤት ውስጥም ታነሣለች። ያን ቀን ገንዘባችን አልሞላም ነበርና ሌላ ሰው ገዛት። እኔ ግን ከልቤ አልወጣችም። ሴትዮዋም «አትዘኑ፣ እህቷን አመጣላችኋለሁ» አለችን።

ሌላውን ካሜራ ያገኘው ወንድሜ ነው። በዚያው በወንጂ ወርክሾፕ ውስጥ የሚሠራ አንድ ቴክኒሻን ነበር፤ ሞስኮ ሁለት ዓመት ተምሮ ሲመለስ የሩስያ ካሜራ ይዞ መጥቷል። ሊያገባ ነውና ሊሸጠው ፈለገ። «ሚስት ካሜራ ላይ አትተኛም፣ አልጋ እገዛበታለሁ» አለን። ካሜራው ብረት ነው። በቡናማ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቦርሳው ሲከፈት የጫማ ሽታ ይሸታል። ወንድሜ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ተጫነ። ፊቱ ተለወጠ። እንደዚያ ፈገግ ሲል ብዙ ጊዜ አላየሁትም። «ስማ» ብሎ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ለኔ ቀጭ ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ተከራከርን። ልክ እንደነበረው ልጽፈው እሞክራለሁ።

«ጋሼ፣ ከባድ ነው። አሮጌ ነው። መብራት የለውም።»

«እማዬን ቀን ነው የምናነሣት። ፀሐይ አለች።»

«ርቀቱን ራስህ ገምተህ፣ ብርሃኑን ራስህ ገምተህ… ትንሿ እኮ ሁሉን ራሷ ታደርጋለች።»

«ሁሉን ራሷ የምታደርግ ከሆነ እኛን ለምን ትፈልገናለች?» ብሎ ሳቀ። «አንተ ብልጭ የሚል ነገር ካየህ አበቃልህ።»

«ሁለት ሳምንት ብቻ እንጠብቅ። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ባቡር አመጣለሁ ብላለች። አይተን እንወስን።»

ትንሽ ተራመደ። ቅዳሜ ቴክኒሻኑ ጋ ሄዶ ሊገዛ ወስኖ እንደነበር ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «እሺ ተማሪው። ጠብቅ ካልክ እንጠብቅ። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀች ሴት ሁለት ሳምንት አያቅታትም።»

ጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን በደንብ መጻፍ ስላለብኝ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ኅዳር ነበር። ወንጂ ኅዳር ላይ ወባ ይበዛል፤ ሸንኮራው ውስጥ ውኃ አለ፣ ውኃው ውስጥ ትንኝ አለ፣ ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ይታመማል፣ ሁሉም ክኒን ውጦ ይነሣል። ወንድሜም ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ታሞ ተነሥቷል። ስለዚህ ማክሰኞ ሲንቀጠቀጥ ወደ ቤት ሲመጣ አልደነገጥኩም። ክኒን ሰጠሁት፣ ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደማያውቀኝ ሆኖ አየኝ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ። ለምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ልቡ በጣም ይሮጣል። እኔ ግን ጆሮዬ አልተማረም፤ ምን እያለ እንደሆነ አልገባኝም። በጋሪ ወደ ሆስፒታል ወሰድኩት። አርብ ቀትር ላይ ሞተ።

እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም።

ሬሳው በሣጥን ሆኖ በጭነት መኪና ወደ ሁሩታ ሄደ። ሣጥኑ አዳማ ላይ በሚስማር ተመትቶ ነበር። እናቴ ከደጅ ተቀብላ «ፊቱን አሳዩኝ» አለች። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ «በሚስማር ተመትቷል እኮ፣ ሙቀት ነው፣ አይሆንም» አለ። ቀበርነው። ሳታየው ቀበርነው። በሠልስቱ ማግስት እናቴ በተቀመጠችበት ጠራችኝ።

«ፎቶውን አምጣልኝ። ፊቱን እንኳ ልየው።»

«የትኛውን ፎቶ?»

«ካሜራ ልትገዙ አልነበር እንዴ? ስትለማመዱ አንዴ እንኳ አላነሣኸውም?»

አልገዛንም አልኳት። ለምን አላለችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምመልስ ዛሬም አላውቅም።

ከወንድሜ የቀረው አንድ ፎቶ ነበር፤ የሥራ መታወቂያው ላይ ያለው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ሐምራዊው ክብ ማኅተም ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ ፎቶው ላይ አርፏል፤ ከጉንጩ ጀምሮ በአፉ ጥግ አልፎ አገጩን ሸፍኖታል። መታወቂያውን ይዤ ወደ አዳማ ተመለስኩና ለአርባው እንዲደርስ ወደዚያው ፎቶ ቤት ሄድኩ።

ባለፎቶ ቤቱ ትንሿን ፎቶ በማጉያ መስታወት አዩ። «ይሄ ያ በጆሮው የሚያየው ልጅ አይደለም?»

«ነው። ሞቷል።»

ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ኋላ ላይ ቀስ ብለው «ማሳደግ አሳድገዋለሁ። ማኅተሙ ግን አብሮ ያድጋል። ላጥፋው?» አሉኝ።

«ያጥፉልኝ። ያሳምሩልኝ» አልኳቸው።

እንደዚያ ነው ያልኩት። ያሳምሩልኝ። አዳማ ውስጥ ፎቶ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው፤ እኔም የሰማሁትን አልኩ። በእኛ አገር ፎቶ ሲያድግ ሰው ኮት ይለብሳል። ሸማ የለበሰ ገበሬ ኮት ይለብሳል፣ ሸንኮራ ቆራጩ ከራባት ያስራል። ባለፎቶ ቤቱ በቀጭን ብሩሽ ይስሉታል። ቤተሰቡም ይደሰታል፤ ሟቹ በሕይወቱ ያላገኘውን አገኘ ይባላል።

አርባው ዋዜማ ላይ ፎቶውን ተቀብዬ ሁሩታ ደረስኩ። በመስታወትና በጥቁር ፍሬም የተሠራ ትልቅ ፎቶ ነበር። ዳሱ ውስጥ ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። ሰው ሁሉ እያየ አለቀሰ። አንዲት ጎረቤታችን «እንዴት አምሮበታል! የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መስሎ!» አለች። ወንድሜ ኮት ለብሶ፣ ባለ መስመር ከራባት አስሮ፣ ጉንጩ እንደ ሴት ጉንጭ ለስልሶ ያየን ነበር። እናቴ ከጓዳ ወጥታ መጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ይሄ ማነው?» አለች።

«እማዬ፣ ጋሼ ነው።»

«የኔ ልጅ አገጩ ላይ ጠባሳ አለው። ከጋሪ ወድቆ የተሰነጠቀው። እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ እኔ ነኝ ያሰርኩት። ይሄ ማነው?»

ማኅተሙ ያረፈው ጠባሳው ላይ ነበር። ሰውዬው ማኅተሙን ሲያጠፉ፣ ከሥሩ ያለውን ስለማያውቁ፣ ባዶውን አገጭ ራሳቸው ሣሉት። እኔ ደግሞ ፎቶውን ስቀበል ከራባቱን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠባሳው መጥፋቱን አላየሁም። ዐሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ አላየሁም።

እናቴ አልተቆጣችም። «አዙሩት» አለች። ፎቶውን ወደ ምሰሶው አዞሩት፤ የፍሬሙ ጀርባ፣ ካርቶኑ፣ ለለቀስተኛው ታየ። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። «ትንሿን ስጠኝ።» መታወቂያውን ሰጠኋት። መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ታሸው ጀመር፤ የልጅ አፍ ላይ የቀረ ምግብ እንደሚጠረግ። ቀለሙ አልለቀቀም። ቀኑን ሙሉ አሸችው።

ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ የቆርቆሮው ነገር ተነሣ። አጎቴ ቆርቆሮውን ከወንድሜ ዕቃ ጋር ከአዳማ አምጥቶት ነበር።

«ለሙት ዓመቱ ይቀመጥ» አለ። «ሰው እንደገና ይመጣል፣ ድግስ ያስፈልጋል።»

«ለሙት ዓመቱ እኔ አለሁ» አለች እናቴ።

«እኔ እኮ…»

«ወንድሜ፣ ይተውት። ለካሜራ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ለካሜራ ይሁን።» ቆርቆሮውን ለኔ አቀበለችኝ። «ሂድና ያሰበውን ግዛ።»

ያሰበውን አለችኝ። እሱ ያሰበውንና እኔ ያሰብኩትን ለይታ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ሆኖም መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሴትዮዋ ነው። እውነቱን ልናገር፤ አሁንም ትንሿን ካሜራ እፈልጋት ነበር። ያንን ክርክር አሸንፌ እንደሆነ ማወቅ የፈለግሁ ይመስለኛል። በሩን አንኳኳሁ።

«አካም ጅርቱ።»

«ኑ፣ ኑ ግቡ! ዕቃችሁ ከመጣ ስንት ጊዜው! ሐኪሙስ የት ቀረ?»

ነገርኳት። ጉልበቷን መታች። «ዋይ! ማሎ! ማሎ ልጄ!» አለችና ገንዘብ የምትቋጥርበትን ሻርፕ ዓይኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ተነሥታ፣ ከጨርቁ ክምር ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለችውን ካሜራ አወጣችልኝ። አዲስ ናት። ታበራለች። የመጣችው ወንድሜ በተቀበረ ማግስት በገባው ባቡር ነው። ወደ ዓይኔ ላስጠጋት ስል እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ። ተጫንኩ። ምንም የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ምራቁን ሲውጥ እንደሚሰማው ያለ ነገር።

«አንተም ሐኪም ሆንክ?» አለችኝ ሴትዮዋ እያለቀሰች።

«ጤነኛ ናት። ግን የምትለው አይሰማኝም» ብዬ መለስኩላት። ልትቀንስልኝ ፈለገች። አይደለም፣ ዋጋው አይደለም አልኳት።

በማግስቱ ወንጂ ሄድኩ። ቴክኒሻኑ ሸጦት ይሆናል ብዬ መንገዱን በሙሉ ስጨነቅ ነበር። አግብቷል፤ አልጋውንም በብድር ገዝቷል። ካሜራው ግን እዚያው ነበር።

«ሁለት ሰው ጠይቆኝ ነበር» አለኝ። «ወንድምህ ጠብቀኝ ስላለኝ አልሰጠሁም። ከሞተ በኋላ ደግሞ… እንዴት ብዬ እንደምሸጠው አላወቅሁም።»

«ጠብቀኝ አለህ?»

«ትንሹ ወንድሜ ሌላ ካሜራ ወድዷል፣ ይየውና ይመለሳል፣ ራሱ መርጦት ቢሆን ደስ ይለኛል አለኝ። በዚያ ጆሮው ምን እንደሚሰማው ጠየቅሁት እኮ። ሲከፈትና ሲዘጋ ሁለት ድምፅ አለው አለኝ። ወንድሜ አንድ ነው የሰማው፣ ሁለቱን የሰማ ዕለት ይመርጠዋል አለኝ።»

ካሜራውን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ቀጭ። እንደገና አጠነጠንኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ቆምኩ፤ የወርክሾፑ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያዩኝ እንደነበር ኋላ ቴክኒሻኑ ነው የነገረኝ። ሁለት ነው። አንዱ የሚከፍት፣ አንዱ የሚዘጋ። በመካከላቸው በጣም ትንሽ ጊዜ አለች።

ገዛሁት። ቴክኒሻኑ ርቀት በእርምጃ እንዴት እንደሚገመት አሳየኝ። ፀሐይ ሁልጊዜ ከሚያነሣው ሰው ጀርባ ትሁን አለኝ። የፊቱን ክዳን ማውለቅ እንዳልረሳ አስጠነቀቀኝ፤ ክዳኑ እንዳለም በማያው ቀዳዳ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ስለሚታይ፣ ብዙ ሰው ጨለማ ያነሣል። ከፎቶ ቤቱ አንድ ፊልም ገዛሁ። ባለፎቶ ቤቱ «ትልቁን ፎቶ ወደዱት?» ሲሉኝ «በጣም» አልኳቸው። እሳቸውን ማሳዘን አልፈለግሁም።

በጥር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ወደ ሁሩታ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ከአውቶቡሱ አስወርደው ፈተሹን። ጠባቂው የቆዳ ቦርሳዬን ከፍቶ ካሜራውን አወጣ።

«ይሄን ይዘህ ወዴት ነው? ምን ልታነሣበት ነው?»

«እናቴን።»

ካሜራውን ገለባብጦ አየው። እኔን አየኝ፤ ክንዴ ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ አየ። «አሳምረህ አንሣት» ብሎ መለሰልኝ።

እናቴ ግቢው ውስጥ ነበረች። ራሷን ተላጭታ ጥቁር ጉፍታ አስራለች፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው የለበሰችው። ካሜራውን አየችው፣ ነካችው፣ የቆዳውን ቦርሳ አሸተተችው። «ይሄ ነው ያሰበው?» አለች። ይሄ ነው አልኳት። ከዚያ እንጠብቅ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እኔ ባልከራከር ኖሮ ወንድሜ ገዝቶት ብዙ ፎቶ ይነሣ እንደነበር ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት። ሳልቀንስ ጨረስኩት።

ጉፍታዋን አስተካከለች። «ና፣ ቁጭ በል» አለች። አልተቀመጥኩም።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ቁሚና ላንሣሽ። እሱ የፈለገው ይህን ነው።»

«በጥቁር? በተላጨ ራስ? ዓመቱን ሳላወጣ አልነሣም። እሱም ቢሆን እንዲህ ሆኜ ሊያየኝ አይደለም የፈለገው።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «የቀበሌ ሰዎች ስምህን መዝግበዋል አይደል?»

ከማን እንደሰማች አላውቅም። ለብሔራዊ ውትድርና የክፍላችን ልጆች ብዙዎቻችን ተመዝግበን ነበር። ተመዝግበናል አልኩ።

«እንግዲያው የምትነሣው አንተ ነህ። ማኅተም የሌለበት ፎቶ እፈልጋለሁ። አገጭህ የሚታይበት።»

«ማን ያነሣኛል?»

«እኔ አለሁ አይደል።»

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይ ወደ ባሕር ዛፎቹ ዝቅ ብላለች። ጀርባዋን ለፀሐይ አድርጌ አቆምኳት። እርምጃ ቆጥሬ ርቀቱን አስተካከልኩ። በየት እንደምታይ፣ የትኛውን እንደምትጫን አሳየኋትና የጓሮውን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ካሜራውን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አወረደችው።

«ዓይኑ ተከድኗል» አለች።

ክዳኑን ረስቼዋለሁ። ሄጄ አወለቅሁትና ተመልሼ ቆምኩ።

«አትሳቅ። እንዳለህ ሁን።»

ተጫነች። ካሜራውን ከፊቷ ሳትነጥል «ተናገረ» አለች።

ሌላ አላነሣንም። አንዲቷን ብቻ። እሷም በቃኝ አለች፣ እኔም ሌላ ላነሣ አልፈለግሁም። ሰኞ ፊልሙን ወደ ፎቶ ቤቱ ወሰድኩ። ባለፎቶ ቤቱ ፊልሙን አጥበው ወደ መብራት ሲያዩት «ሠላሳ አምስቱን ለምን ባዶ አስቀረኸው?» አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶዋን ሲሰጡኝ ፊታቸውን ትንሽ ቋጠር አደረጉ።

«ዘንበል ብላለች፤ ያው ጀማሪ ነው ያነሣት። አንተ ደህና ነህ፣ ዓይንህ ፀሐይ ስላለበት ጠበብ ብሏል እንጂ። ግን ይኸው፣ ከታች ጥላ ገብቷል። ላጥፋው?»

ተቀብዬ አየሁ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ አገጬ ይታያል። ከሥር፣ መሬቱ ላይ፣ እስከ ጫማዬ ድረስ የተዘረጋ የሰው ጥላ አለ። ራሱ ላይ ጉፍታ አስሯል፤ ሁለት ክንዶቹ ወደ ፊቱ ተነሥተዋል።

«አይንኩት» አልኳቸው። «እባክዎ ምንም አይንኩ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ያኔ፣ ስለ ትልቁ ፎቶ የዋሸኋቸው የገባቸው ይመስለኛል። ፎቶዋን በወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርገው ሰጡኝና ዋጋ አልተቀበሉኝም።

እናቴ ፎቶውን ከበሩ ብርሃን አጠገብ ቆማ አየች። መጀመሪያ ፊቴን አየች፤ በጣቷ ጉንጬን፣ አገጬን እየነካች። «አንተ ነህ» አለች። ከዚያ ጣቷ ወደ ታች ወረደ።

«ይሄስ ማነው?»

«አንቺ ነሽ።»

ቀረብ አድርጋ አየች። አራቀችው። እጇን ወደ ጉፍታዋ ሰደደች፣ እንደ ማረጋገጥ። «ሳትነግረኝ አነሣኸኝ ማለት ነው» አለች፤ ለኔ ነው ወይስ ለሌላ ሰው እንደተናገረች አላወቅሁም። ከዚያ መታወቂያውን ከብብቷ አውጥታ፣ ሁለቱን በአንድ መሐረብ ጠቀለለቻቸው።

ትልቁ ፎቶ ዛሬም ጓዳ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። እኔ ለውትድርናው እስካሁን አልተጠራሁም። ካሜራው አልጋዬ ራስጌ ላይ ነው፤ ፊልም የለውም። አንዳንድ ቀን ማታ አውጥቼው አጠነጥነውና ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ። እናቴ ጥቁሯን የምታወልቅበት ቀን ሦስት ወር ቀርቶታል።